ላፕቶፑ ኔትወርክ አለው፣ ቨርቹዋል ማሽኑ የለውም

ጥያቄ፦ ሐዋሳ አቶቴ አካባቢ ባለ የሒሳብ ቢሮ ነው የምሠራው። ፒችትሪ (የሒሳብ ፕሮግራም) ያለበት ዊንዶውስ 7 ላፕቶፔ ላይ በቨርቹዋልቦክስ፣ ማለትም ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር (ቨርቹዋል ማሽን) በሚያስነሳ ፕሮግራም፣ ይሠራል፤ የቢሮው ዴስክቶፖች ዳታውን ከእሱ ያነባሉ። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑን በስልኬ ሆትስፖት አገናኘዋለሁ። ላፕቶፑ ኢንተርኔት ያገኛል፣ ቨርቹዋል ማሽኑ ግን ቢጫ ምልክት ያወጣል። ድራይቨሩን አጥፍቼ ብጭነውም ያው ነው።

መልስ፦ ድራይቨሩ ጤነኛ ነው፣ ይተዉት። ቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ ሲኤምዲ ከፍተው አይፒኮንፊግ ብለው ይጻፉ። የሚወጣው አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) በ169.254 ከጀመረ ማሽኑ አይፒ የሚሰጠው ራውተር አጥቶ ለራሱ ቁጥር አውጥቷል ማለት ነው።

ዴስክቶፖቹ ስለሚያነቡት ማሽንዎ ብሪጅድ ሳይሆን አይቀርም፤ ማለትም ቢሮው ኔትወርክ ላይ ራሱን እንደቻለ ኮምፒውተር ይታያል። ብሪጅድ የሆነ ማሽን የሚታሰረው ከአንድ የላፕቶፑ ኔትወርክ ካርድ ጋር ብቻ ነው። ላፕቶፑ ከገመድ ወደ ዋይፋይ ሲዞር እሱ አብሮ አይዞርም። ከቨርቹዋል ማሽኑ መስኮት ግርጌ በቀኝ በኩል ያለችውን የኔትወርክ ምልክት በቀኝ ክሊክ ነክተው ሴቲንጉን ቢያዩ የገመዱ ካርድ ስም፣ አብዛኛውን ጊዜ ሪልቴክ፣ ተመርጦ ያገኙታል።

ወደ ዋይፋይ ካርዱ እንዲቀይሩት ግን አልመክርም። ዋይፋይ የሚያስተናግደው የተገናኘውን መሣሪያ ማክ አድራሻ (የኔትወርክ ካርዱ መለያ ቁጥር) ብቻ ነው፤ ከጀርባው ሌላ ማሽን ሲመጣ አያውቀውም። ቨርቹዋልቦክስ ለዚህ የራሱ ዘዴ ቢኖረውም በስልክ ሆትስፖት ላይ ብዙ ጊዜ አይሳካም።

ማሽኑን ሙሉ በሙሉ ይዝጉትና ሴቲንጉ ውስጥ አዳፕተር 1ን (ብሪጅድ የሆነውን የማሽኑን ካርድ) እንዳለ ትተው አዳፕተር 2ን በናት፣ ማለትም የላፕቶፑን ኢንተርኔት በሚጋራበት መንገድ፣ ይክፈቱ። በተለመደው ሴቲንግ 10.0.3.15 የሚል አይፒ ይይዛል። መብራት ጠፍቶ ኢንተርኔቱ እምቢ ካለ፣ ዊንዶውስ 7 የድሮውን መንገድ አልለቅ ብሎ ነው፤ ከዚያችው የኔትወርክ ምልክት ላይ የአዳፕተር 1ን ግንኙነት ለጊዜው ያቋርጡ። ለዚህ ማሽኑን ማጥፋት አያስፈልግም። በናት በኩል ሌሎች ኮምፒውተሮች ማሽኑን አያዩትም፤ ዴስክቶፖቹም መብራት ስለሌላቸው ግን የሚጎድል ሥራ የለም።

ከዊንዶውስ አፕዴት በኋላ በገመድም እምቢ ካለ፣ ላፕቶፑ ላይ የገመዱን ካርድ ፕሮፐርቲስ ይክፈቱ። ቨርቹዋልቦክስ ኤንዲአይኤስ6 ብሪጅድ ኔትወርኪንግ ድራይቨር የሚለው ሳጥን ምልክት ሊኖረው ይገባል።

መብራት ሲመጣ አዳፕተር 1ን መልሰው ያገናኙ። ዴስክቶፖቹ ፒችትሪን ካጡ አይፒው ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል፣ ራውተሩ ላይ በማሽኑ ማክ አድራሻ ቋሚ አይፒ ያስይዙለት። ሴቲንጉ ውስጥ ከማክ አድራሻው ጎን ያለችውን የማደሻ ቁልፍ አይንኩ፤ ማኩን ትቀይርና ያስያዙት አይፒ ዋጋ ያጣል።