ጸደይን በስዊዝ ሐይቆች ዳር፦ ጠይቁ፣ የማውቀውን ልመልስ

ቱን ከተማ መኖር ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። በየዓመቱ ከጃንዋሪ ጀምሮ ስልኬ «ጋሼ፣ ኤፕሪል ላይ ልንመጣ ነው» በሚል መልእክት ይሞላል። ለየብቻ ከምመልስ አንድ ላይ ጠይቁኝ ብዬ ነው። ወር ስጠራ በፈረንጅ ነው። ጸደይ ስልም አደይ አበባ የሚፈነዳበትን አይደለም፤ ከማርች መጨረሻ እስከ ሜይ ያለውን ነው። የማውቀው የኢንተርላከንን አካባቢ፣ ሉሰርንንና ቲቺኖን ነው። ስለ ዜርማት ሌላ ሰው ይመልስላችሁ።

ከፍራንክፈርት፦ ጋሼ ሰላም። በትምህርት ቤት እረፍት፣ ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ፣ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ለአንድ ሳምንት ልንመጣ አስበናል። ትልቁ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ትንሿ ገና በጋሪ ነች። ምን ብናይ ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ «ምን እንይ» ለሚለው መልስ የለኝም። በዚህ ወር የሚጠየቀው «ስንት ሜትር ላይ እንሁን» ነው። ቆላና ደጋ ሲባል ሰምቶ ላደገ ሰው ይህ አዲስ አይደለም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርጂ ጃኬትሽን መንገድ ላይ ታወልቂያለሽ አይደል? እዚህም መቶ ሜትር በወጣሽ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 0.6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ቱንና ኢንተርላከን 560 ሜትር አካባቢ ናቸው። ኤፕሪል ላይ ዛፉ አብቧል፣ ሣሩ ለምልሟል፣ ሰው ሐይቅ ዳር ወጥቶ ቡና ይጠጣል። ላውተርብሩነን 800 ሜትር ነው፤ እዚያም ጸደይ ገብቷል። ቬንገን 1,274 ነው፣ ሙረን 1,640 ገደማ። እዚያ በረዶው ወይ አልቀለጠም ወይ ቀልጦ ጭቃ ሆኗል። ከ2,000 በላይ ገና ክረምት ነው።

ስለዚህ ታች እደሩ፣ ወደ ላይ አንጋጡ። አበባ መሃል ቆሞ ነጩን ተራራ ማየት የዚህ ወር ጸጋ ነው፤ ጁላይ ላይ አታገኚውም። ለእናንተ ቱን ወይም ሽፒትስ ይሆናል። ሽፒትስ ወይን የተተከለበት ኮረብታና ሐይቁን ቁልቁል የሚያይ የጥንት ግንብ አላት። ትልቁን ልጅ ላውተርብሩነን ውሰጂው። ሸለቆው 72 ፏፏቴ አለው ይባላል፤ ሽታውባኽ ብቻውን 300 ሜትር ያህል ይወርዳል። ትሩመልባኽ የሚባለው ደግሞ ተራራው ሆድ ውስጥ ነው። የአይገርን፣ የመንሽንና የዩንግፍራውን ተራሮች ግግር በረዶ ውሃ ጠቅልሎ ያወርዳል፤ ሲሞላ በሰከንድ እስከ 20,000 ሊትር። ጩኸቱ ደረትሽ ውስጥ ይገባል። በክረምት ዝግ ነው፤ የሚከፈተው ኤፕሪል ላይ ስለሆነ ቀኑን አጣሪ። ትንሿ ግን አትገባም፣ ከአራት ዓመት በታች አይፈቀድም። አንዳችሁ ውጭ ትቀራላችሁ።

ከአዲስ አበባ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የቪዛው ነገር እንዴት ነው? ቶሎ ይሰጣል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔ ኤምባሲ አይደለሁም። የሸንገን ቪዛ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው። ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ይገባል፣ ቢዘገይ ቢዘገይ 15 ቀን ሲቀረው። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ሕክምና ኢንሹራንስ ይፈልጋሉ። የምታመለክተው ብዙ ቀን ለምታድርበት አገር ነው። ቪዛው ሳይመታ የማይመለስ ሆቴል አትክፈል። ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ።

ከቴል አቪቭ፦ እኛ ቪዛ አያስፈልገንም፣ ተመስገን። ኤፕሪል 20 አካባቢ ሙረን ላይ አፓርታማ በግማሽ ዋጋ አግኝተናል። ዛሬ ልንይዘው ነው።

መልስ፦ ቆይ፣ አትያዙት! ለምን በግማሽ ዋጋ እንደሆነ ልንገራችሁ። እዚህ አገር በጸደይ መማር ያለባችሁ አንድ የጀርመንኛ ቃል አለ፦ ሬቪዚዮን። የስኪው ወቅት ሲያልቅ ኬብል ካሮቹ ለጥገና ይቆማሉ። ገመዱ ይፈተሻል፣ ፍሬኑ ይፈታል፣ ሠራተኛው እረፍት ይወጣል። አንዳንዱ ለአሥር ቀን ነው የሚዘጋው፣ አንዳንዱ እስከ ሜይ መጨረሻ። መንደሮቹም አብረው ያንቀላፋሉ። ቬንገንና ሙረን ላይ ብዙ ሆቴልና ምግብ ቤት ከፋሲካቸው በኋላ እስከ ሜይ አጋማሽና ከዚያም በላይ በሩን ይዘጋል። አፓርታማችሁ ያምር ይሆናል፤ ግን እራት ፍለጋ ወደ ሸለቆው ልትወርዱ ነው።

እኔ ራሴ ተምሬበታለሁ። በመጀመሪያው ዓመቴ ከአዲስ አበባ የመጡ ዘመዶች «ተራራ አሳየን» አሉኝ። እኔም አዋቂ መስዬ ሁለት ሰዓት በባቡር ወሰድኳቸው። ስንደርስ ጣቢያው በሰንሰለት ተዘግቷል። አንድ ሠራተኛ ገመዱ ላይ ተንጠልጥሎ እጁን አውለበለበልን። የዘመዶቼ አልበም ውስጥ የስዊዝ ተራራ ተብሎ ያለው የዚያ ሰውዬ ፎቶ ነው።

አንድም ነገር ከመክፈላችሁ በፊት የዚያን ኬብል ካር ድረ ገጽ ክፈቱ፣ ሬቪዚዮን የሚለውን ፈልጉ፣ ቀኑን እዩ።

ከዱባይ፦ ዩንግፍራውዮኽ ድረስ የሚወጣው የተራራ ባቡር ግን ይሠራል አይደል? ዋጋው አስደነገጠኝ። ያዋጣል?

መልስ፦ ይሠራል፣ ዓመቱን ሙሉ። ማዋጣቱ በደመናው ነው። ጠዋት ተነስተህ ዌብካሙን እይ፤ ነጭ ግድግዳ ካየህ ገንዘብህን ያዝ። ለቀኑ ትኬት ከሳምንት በፊት አትቁረጥ።

ባቡር ካነሳህብኝ ግን ትንሽ ታገሰኝ። ያ ሐዲድ የተጀመረው በ1896 ነው፤ ያለቀው በ1912። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ አይገርንና መንሽን ሰርስረው 3,454 ሜትር ላይ ጣቢያ አቆሙ። በአውሮፓ ከዚያ በላይ የባቡር ጣቢያ የለም። ለእኔ ግን የሉሰርኖቹ ይበልጣሉ። ከፊትስናው ወደ ሪጊ ተራራ የሚወጣው በ1871 ሲከፈት በአውሮፓ የመጀመሪያው የተራራ ባቡር ነበር። በሐዲዱ መሃል እንደ መሰላል ጥርስ ያለው ብረት ተዘርግቷል፤ የባቡሩ ጥርሳም ጎማ እሱን እየነከሰ ይወጣል። ወደ ፒላቱስ ተራራ የሚወጣው ግን በጣም ቀጥ ያለ ነው፣ ተዳፋቱ እስከ 48 በመቶ። እንደ ሪጊው ከላይ የሚነክስ ጎማ ከጥርሱ ላይ ሊዘል ይችላል። መሐንዲሱ ኤድዋርድ ሎኸር ሁለት ጎማ አጋድሞ ብረቱን ከግራና ከቀኝ እንዲያቅፉት አደረገ። በ1889 ተከፈተ፣ ዛሬም ያው ዘዴ ነው። ከሪጊ ጀምሩ፤ ዓመቱን ሙሉ ይሠራል፣ ከፍታው 1,798 ብቻ ነው፣ ከሉሰርን በመርከብ ፊትስናው መድረስ ይቻላል። የፒላቱሱ ባቡር ብዙ ጊዜ ሜይ ሳይገባ አይነሳም። የብሪየንዝ ሮትሆርኑ፣ ያ በእንፋሎት የሚሄደው፣ ጁንን ይጠብቃል።

የምኒልክ አማካሪ የነበረው፣ የጅቡቲን ባቡር ነገር የገፋው አልፍሬድ ኢልግም እኮ የዚህ አገር መሐንዲስ ነው፣ የፍራውንፌልድ ልጅ። በቃ፣ ስለ ባቡር ዝም አልኩ።

ከሲያትል፦ ዩንግፍራው 4,158 ሜትር ነው ብለው ሲያገኑት ይገርመኛል። የእኛ ራስ ዳሽን 4,620 ነው!

ከሮም፦ 4,620 የድሮ መጽሐፍ ነው ወንድሜ። አሁን 4,550 ነው የሚባለው።

ከሲያትል፦ ሰባ ሜትር ማን ወሰደብን?

ከሮም፦ የለካው ሰው ነዋ። እና ለምን እኛ ጋ ግግር በረዶ የለም?

መልስ፦ በሁለቱም ቁጥር ዩንግፍራውን ይበልጣል፣ ተስማሙ። በረዶው የቦታ ጉዳይ ነው፤ ሰሜን ተራሮች ከምድር ወገብ 13 ዲግሪ ላይ ናቸው፣ እኛ 46 አልፈናል። ወደ ጉዳያችን።

ከሳን ሆዜ፦ ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ኦሺነንሴ ሄደን ያንን ሰማያዊ ውሃ ላይ ጀልባ መቅዘፍ እንፈልጋለን።

መልስ፦ ከላይ ያለውን አንብባችኋል? 1,578 ሜትር ነው። ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ሐይቁ በረዶ ለብሶ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ባኽአልፕሴ የሚባለው ሌላው ሐይቅ 2,265 ነው፣ እሱን እርሱት። ያያችሁት ፎቶ የበጋ ነው። የብሪየንዝ ሐይቅ ያ ወተት የተቀላቀለበት የሚመስል ቀለሙም የሚደምቀው ግግር በረዶው ሲቀልጥ ነው፤ ውሃው የተፈጨ ድንጋይ እንደ ዱቄት ይዞ ይወርዳል። በጸደይ መጀመሪያ ጠቆር፣ ጠራ ያለ ነው። እኔ እንዲያውም እንደዚያ እወደዋለሁ። ውሃው ግን ይገድላል፣ ቅዝቃዜው። ለመዋኘት እንዳታስቡ።

ከሽቱትጋርት፦ መኪና ይዘን ብንመጣስ?

መልስ፦ ለምን? ቬንገንና ሙረን መኪና አይገባም። ሱስተን፣ ግሪምዘልና ፉርካ የሚባሉት የተራራ መንገዶች እስከ ጁን ገደማ በበረዶ ዝግ ናቸው። የአውራ ጎዳናው የክፍያ ተለጣፊ 40 ፍራንክ ነው። የፍጥነት ቅጣቱን አላነሳም።

ከሽቱትጋርት፦ ሦስት ልጅ፣ ጋሪ፣ ምጣድና ሻንጣ ይዤ ባቡር ልቀያይር ነው እንዴ?

ከበርን፦ ምጣድ ለምን ይዘሽ ትመጫለሽ?

ከሽቱትጋርት፦ እንጀራ ልጋግር ነዋ! ሳምንት ሙሉ ዳቦ ላበላቸው ነው?

መልስ፦ ምጣድ ካለማ ተሸነፍኩ፣ በመኪና ነይ። ግን እዚያው ካረፍሽበት አቁሚውና ከዚያ በኋላ በባቡርና በመርከብ ተንቀሳቀሺ።

ከለንደን፦ ስዊስ ትራቭል ፓስ ልግዛ ወይስ ግማሽ ዋጋ የሚያስከፍለውን ካርድ?

መልስ፦ ሁለቱም ውጭ ለሚኖር ሰው ነው። ፓሱ ባቡሩን፣ አውቶቡሱን፣ የሐይቅ መርከቡንና ሪጊን ይጠቀልላል። በየቀኑ ከተማ የምትቀይር ከሆነ ፓሱ። አንድ ቦታ ተቀምጠህ በየሁለት ቀኑ የምትወጣ ከሆነ ግማሽ ዋጋው። ከወላጁ ጋር የሚሄድ ከ16 ዓመት በታች ልጅ በነጻ የሚሰጠው የፋሚሊ ካርድ ካለው አይከፍልም፤ ካርዱን መጠየቅ እንዳትረሱ። ፓስ ይዛችሁም ቢሆን ኬብል ካሩ ከተዘጋ ተዘጋ ነው፤ መጀመሪያ ሬቪዚዮን!

ከስቶክሆልም፦ የምንመጣው በሁዳዴ ነው። በቺዝ አገር ጾመኛ ምን ይበላል?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ። የፈረንጁ ፋሲካና የእኛ ብዙ ጊዜ አይገጥሙም፤ በ2027 ለምሳሌ የእነሱ ማርች 28 ነው፣ የእኛ ሜይ 2። የትምህርት ቤት እረፍቱ ጾም ላይ ይወድቃል። ምግብ ቤት ገብተሽ «ሥጋ የሌለው» ካልሽ ቺዝ ነው የሚያመጡልሽ። «ቪጋን» በይ። ሮሽቲ ድንች ነው ብለሽ አትዘናጊ፣ ብዙ ጊዜ በቅቤ ነው የሚጠበሰው። ኮፕና ሚግሮ የሚባሉት ሱፐርማርኬቶች ውስጥ ቪጋን የሚል ምልክት ያለበት ብዙ ነገር አለ። እሁድ ሱቅ ስለሚዘጋ ቅዳሜ ግዢ፤ በአብዛኛው የሚከፍቱት ትልልቅ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ያሉት ናቸው።

ከሮም፦ የሐይቁ አሳስ? ፌልኸን የሚባለው ይጣፍጣል።

ከስቶክሆልም፦ አሳ በሁዳዴ? ምን ነካህ?

ከሮም፦ እናቴ ትበላ ነበር።

ከሲያትል፦ እናትህ ትብላ እንጂ አይፈቀድም።

መልስ፦ ይህን ለንስሐ አባታችሁ። ቀጣይ።

ከሪያድ፦ ጋሼ፣ ኤፕሪል ላይ ኬብል ካር ይሠራል?

መልስ፦ ወንድሜ ሙት፣ ከላይ አንብብ።

ከቶሮንቶ፦ በኮሪያ ድራማ ላይ የታየችው የእንጨት መድረክ የት ነች?

መልስ፦ ኢዘልትቫልድ፣ ብሪየንዝ ሐይቅ ዳር። መድረኳ ላይ ለመውጣት 5 ፍራንክ ይከፈላል። ከዳር ቆሞ ማየት በነጻ ነው።

ከቪየና፦ ሳምንቱን ሙሉ ቢዘንብብንስ?

መልስ፦ ሊዘንብ ይችላል። ያኔ ተራራውን ሻገሩ። የአልፕስ ሰንሰለት እንደ አጥር ነው። ደመናው ከሰሜን ሲመጣ በእኛ በኩል ያራግፍና ደቡቡ ቲቺኖ ብዙ ጊዜ ፀሐይ ነው። ከደቡብ ሲመጣ ደግሞ እነሱ ይረጥባሉ፣ ወደ እኛ ፈን የሚባል ሞቅ ያለ ደረቅ ነፋስ ይወርዳል፤ በአንድ ቀን በረዶ ይበላል፣ ራስም ያሳምማል። 57 ኪሎ ሜትር የሆነው የጎታርድ የባቡር ዋሻ በ2016 ከተከፈተ ወዲህ ከዙሪክ ሉጋኖ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ሎካርኖ ማጆሬ ሐይቅ ዳር፣ 200 ሜትር አካባቢ ላይ ነች። ዘንባባ አለ፣ ካሜሊያ አበባው ገና በማርች ይፈነዳል። ጸደይ የሚጀምረው እዚያ ነው። የቨርዛስካ ወንዝ ግን በፎቶ እንዳያታልላችሁ፤ ሰው የሚወስድ ወንዝ ነው።

ከሚኒያፖሊስ፦ እኔ በረዶ ለምጃለሁ። ሙረን አካባቢ በእግሬ ብወጣስ?

መልስ፦ የሚኒሶታ በረዶ ሜዳ ላይ ይተኛል፣ ይኸኛው ይንሸራተታል። በጸደይ ከሰዓት ፀሐይ ስትመታው በረዶው ውሃ ይጠጣና ይናዳል። መንገድ ተዘግቷል የሚል ምልክት ካየህ ተመለስ። ቢጫ ምልክት ያለበት መንገድ ለማንም ነው። ነጭ ቀይ ነጭ የተቀባው የተራራ መንገድ ነው፤ ኤፕሪል ላይ ተወው። የቱንን ሐይቅ ዳር ዳር ሂድ፣ ማንም አይንቅህም።

ከፍራንክፈርት፦ ጋሼ እግዜር ይስጥልን። ቱን ላይ አፓርታማ ያዝን። የመጨረሻ ጥያቄ፣ ጋሪው መርከቡ ላይ ይገባል?

መልስ፦ ይገባል። ባቡር ላይ ደግሞ የጋሪ ሥዕል ያለበትን በር ፈልጉ። ፎቅ ባለው ኢንተርሲቲ ከመጣችሁ ላይ ፎቁ ላይ የልጆች መጫወቻ ያለበት ፉርጎ አለ። ትልቁ እዚያ ከገባ አውርዱልኝ ብላችሁ እንዳትደውሉ።