ውጭ ላላችሁ የድሬና የሐረር ልጆች፦ አሻንጉሊቱን ስትሠሩ በአማርኛ ቁጠሩ

በኪሮሽ የሚሠሩ ትንንሽ አሻንጉሊቶችና የበዓል ጌጦች በየቤታችሁ ገብተዋል፤ ደስ ይላል። ግን አብዛኞቻችሁ የምትሠሩት ጥንቸልና ፔንጉዊን ነው። መመሪያውን የምታነቡት በእንግሊዝኛ፣ አጠገባችሁ ቁጭ ብሎ የሚያያችሁ ልጅ የሚሰማውም «ዋን፣ ቱ፣ ስሪ» ነው። ስንት ዓመት ሙሉ እያየሁ ዝም ብያለሁ፤ አሁን ግን እናገራለሁ።

1. ክርና ኪሮሽ

የክሩ ወረቀት ላይ የተጻፈውን የኪሮሽ ቁጥር አትከተሉ። እሱ ለሹራብና ለሻርፕ ነው። ወረቀቱ 4 ሚሊሜትር ካለ ለአሻንጉሊት 2.5 ያዙ። ጠበቅ ብሎ ካልተሠራ ሙሌቱ በቀዳዳው ይታያል፤ ልጁም በጣቱ እየመዘዘ ያወጣዋል። መካከለኛ ውፍረት ያለው ጥጥ ወይም አክሪሊክ ይበቃል። ሱፍ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ይኮማተራል። ቀይና ጥቁር የጥጥ ክር ቀለም ሊለቅ ስለሚችል ቁራጩን አርጥባችሁ ነጭ ጨርቅ ላይ ሞክሩት። ሙሌቱ ፖሊስተር ይሁን፤ የፋርማሲ ጥጥ ሲታጠብ ይጓጉላል፣ ቶሎም አይደርቅም።

2. ለመሸጥ ለምታስቡ

አውሮፓ ውስጥ ለገበያ የሚቀርብ አሻንጉሊት «ሲኢ» የሚባለው ምልክት ያስፈልገዋል፤ አሜሪካም ለልጆች ዕቃ የራሷ የደህንነት ሕግ አላት፤ ሳታነቡ አትሽጡ። ለቤት ቢሆንም ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ ቁልፍም ዶቃም አትስፉ፤ ዓይኑን በጥቁር ክር ጥለፉት። ከኋላ የሚቆለፈው የፕላስቲክ ዓይንም ሥራው ከላላ ከነቆለፉ ሾልኮ ይወጣል። የሌላ ሰው ንድፍ በነፃ ስላገኛችሁት ብቻ ስማችሁን ለጥፋችሁ አታሰራጩ። ነውር ነው።

3. ጅቡ

ፔንጉዊኑን ተዉትና የአገራችሁን ጅብ ሥሩ። ሙሉው ሥራ 20 ግራም ያህል ክር ነው የሚፈልገው፤ አሸዋማ ቡኒ ለአካሉ፣ ትንሽ ጥቁር ቡኒ ለነጠብጣቡ።

ኪሮሹን አስገቡ፣ ክር ሳቡ፤ ኪሮሹ ላይ ሁለት ቀለበት ይሆናል። ክሩን ጠምጥማችሁ በሁለቱም ውስጥ አውጡት። ይህን አንድ «ዓይን» እንበለው። አጀማመሩ መሶብ ስትሰፋ ያያችኋትን እናት ያስታውሳችኋል፤ ከመሃል ተነስቶ እየዞረ ይሰፋል። ጫፉ ሲሳብ በሚጠብቅ የክር ቀለበት ውስጥ 6 ዓይን ሥሩ። በ2ኛው ዙር እያንዳንዱ ዓይን ላይ ሁለት ሁለት፣ 12። በ3ኛው አንዱን ነጠላ ቀጣዩን እጥፍ፣ 18። በ4ኛው ሁለት ነጠላ አንድ እጥፍ፣ 24። ለጭንቅላቱ ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ 5 ዙር በ24 ሂዱ፤ ለአካሉ ግን 10 ዙር። ከዚያ ወደ 18፣ ወደ 12 ቀንሱ፣ ሙሉት፣ ወደ 6 አውርዳችሁ ዝጉት። መቀነስ ማለት ሁለት ዓይን አንድ ማድረግ ነው፤ ስትቀንሱ ኪሮሹን በሁለቱ ዓይኖች የፊት ክር ብቻ አሳልፉ፤ ሙሉውን ከያዛችሁ እዚያ ቦታ ላይ ቀዳዳ ይቀራል።

እግሮቹ በ6 ዓይን ተጀምረው በ6 ያልቃሉ፤ የፊቶቹ 7 ዙር፣ የኋላዎቹ 5። ጅብ ከፊት ከፍ፣ ከኋላ ዝቅ ያለ ነው። እግሮቹን እኩል ካደረጋችሁ ውሻ ነው የሠራችሁት። ጆሮው 6፣ ከዚያ 9፤ ክብ ይሁን። የሐረሩ ጅብ ነጠብጣብ ያለበት ዓይነት ነው፤ ሾጣጣ ጆሮ ያለው ባለመስመሩ ነው። ነጠብጣቡን ከመሙላታችሁ በፊት ጥለፉ፣ ቋጠሮው ውስጥ ይቀራል።

የሚበላሸው የት ነው? የዙሩ መጀመሪያ ይጠፋል፤ ሌላ ቀለም ክር አኑሩበት። ዓይኖቹ እየዞሩ ሲሠሩ ወደ ቀኝ ያዘነብላሉ፤ ስለዚህ እግሩን ዓይን ቆጥራችሁ ሳይሆን በስፒል አስይዛችሁ፣ ቆሞ እንደሆነ አይታችሁ ስፉ። ለመስፊያ 20 ሳንቲሜትር ክር አስተርፉ። አንገቱ ካልጠነከረ ጭንቅላቱ ይወድቃል፤ ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ስፉት።

4. ቋንቋው

የመጣሁበት ጉዳይ ይኸ ነው።

ጅቡ ሲያልቅ ከጭንቅላቱ እስከ ጆሮው 726 ዓይን አለው። ልጁ አብሯችሁ ከቆጠረ «ሃያ አራት» ላይ 17 ጊዜ ይደርሳል። የትኛው የቅዳሜ ትምህርት ነው ልጅን «ሃያ አራት» 17 ጊዜ ሳይሰለች የሚያስብለው? እናንተ ግን በእንግሊዝኛ ትቆጥራላችሁ፤ ከዚያ ልጄ አማርኛ አልያዘም ብላችሁ ታለቅሳላችሁ። ማን ያስይዘው?

የእጅ ሥራ ሁሉ ትእዛዝ ነው። ሳብ፣ ሳቢ። ቁረጥ፣ ቁረጪ። አውጣ፣ አውጪ። ያዝ፣ ያዥ። ውጭ ያደጉ ልጆች የሚወድቁበት ቦታ እዚህ ነው፤ ለእህታቸው «ቁረጥ» ይላሉ፣ ለአያታቸው «ና» ይላሉ። ሰዋስው ብታስተምሯቸው አይገባቸውም። ወንድምና እህት ጎን ለጎን አስቀምጡና ለእሱ «ያዝ»፣ ለእሷ «ያዥ» እያላችሁ አንድ ጅብ ጨርሱ። አያት በስልክ ከድሬ ስትገባ ደግሞ «ይያዙ፣ ይዩት» ይማራሉ። እኔ ይህ የገባኝ የእኔዎቹ ካደጉ በኋላ ስለሆነ ነው የምቆጣው። የእናንተዎቹ ገና ምንጣፍ ላይ ናቸው።

መመሪያውንም በአማርኛ ጻፉት። ስሜት ብቻ አይደለም፤ ይጠቅማል። አሜሪካ «ሲንግል ክሮሼ» የሚባለው እንግሊዝ አገር «ደብል ክሮሼ» ነው። ቶሮንቶ ያለችው ልጅና ለንደን ያለችው የአክስቷ ልጅ አንዱን ወረቀት ይዘው ሁለት የተለያየ መጠን ያለው እንስሳ ያወጣሉ። «አስገባ፣ ሳብ፣ በሁለቱም አውጣ» ተብሎ ከተጻፈ ግን ሁለቱም ዘንድ አንድ ነው። በአንድ ገጽ በትልቅ ፊደል ጽፋችሁ ፎቶውን ለዘመድ አዝማድ ላኩ።

ገንዘብ ልካችሁ ለአክስታችሁ 50 አሻንጉሊት ማዘዙን ተዉት። ሃምሳው መጥቶ ለጓደኛ ይታደላል፣ አንዱ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል፣ ልጁ ስሙን እንኳ አያውቀውም። በዚያው ገንዘብ የምትመለስ መንገደኛ ፈልጋችሁ 2.5 ሚሊሜትር ኪሮሽና ሁለት ድውር ክር ለአክስታችሁ ላኩላት። የአክስታችሁ እጅ ዳንቴል የሚያውቅ ነው፤ ማስተማር አያስፈልጋትም። የዳንቴሉ ኪሮሽ ግን ለዚህ ክር በጣም ቀጭን ነው፤ ክሩን ይሰነጥቀዋል እንጂ አይስበውም። ኪሮሹ ከደረሳት በኋላ እሷ ድሬ፣ ልጁ እናንተ ሳሎን ሆነው በስልክ አንድ ዙር አንድ ዙር ይሥሩ። እሷ «ሳብ የኔ ጌታ» ትበለው። እናንተ አትተርጉሙ፤ እባካችሁ አፋችሁን ያዙ። ልጁ እጇን አይቶ ይገባዋል።

ጅቡ ስም ይውጣለት። የት እንደሚኖር ጠይቁት፤ ካላወቀ ስለ ጀጎል ንገሩት፤ ማታ በግንቡ ቀዳዳ ስለሚገባው፣ ሐረሪዎች «ወራባ» ስለሚሉት። የሐረሩ መንገድ መኪና ግርግርም ለምን መኪና ግርግር እንደተባለ ንገሩት፤ የልብስ ስፌት መኪናው ድምፅ ነው። ክር ይዞ የተቀመጠ ልጅ ይህን ወሬ ይሰማል።

5. በዓሉ

ከቡሄ እስከ እንቁጣጣሽ፣ ጳጉሜ 5 ሲሆን 23 ቀን አለ። ለአደይ አበባ ይበቃል። በጠቆር ያለ ቢጫ ቀለበት ውስጥ 8 ዓይን፤ ከዚያ በደማቁ ቢጫ ከእያንዳንዱ ዓይን 4 ሰንሰለት (ኪሮሹ ላይ ባለው ቀለበት ውስጥ ክር 4 ጊዜ እየሳባችሁ) አውጥታችሁ ወደዚያው ዓይን መልሱት፤ 8 ቅጠል። የ6 ዓመት ልጅ ይችለዋል። መጀመሪያ ላይ ያለውን የክር ጫፍ 10 ሳንቲሜትር ተዉለትና ሁለት ዙር በመርፌ አዙራችሁ ደብቁት፤ አለዚያ መሃሉ ይፈታል። ክሩን በሐምሌ ግዙ፤ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሱቁ ለሃሎዊን ብርቱካናማና ጥቁር ብቻ ነው የሚደረድረው። መስከረም 1 ጠዋት ልጁ አበባውን ለጎረቤት ሲሰጥ ስሙን በአማርኛ ይናገር፤ «አደይ» ማለት ካቃተው ከዋዜማው ጀምሮ አስጠኑት።