አለቃዬን በአንድ ቃል አስደነገጥኳት

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን፣ አራት ኪሎ አካባቢ ቢሮ ነው የምሰራው፣ አለቃዬ እንግሊዛዊት ነች። ባለፈው ለፋሲካ ቤተሰብ ጋ ልሄድ የተፈቀደልኝ እረፍት ሲሰረዝብኝ በጣም ከፋኝና በኢሜይል «አይ አም ዲፕረስድ» ብዬ ጻፍኩላት። ሴትዮዋ ክው ብላ ሐኪም ልፈልግልሽ ወይ ብላ መጣች፣ አፍሬ ልሞት! ሳድ፣ አፕሴት፣ ግሪፍ፣ ሶሮው ምናምን የሚሉት ልዩነታቸው ምንድነው? ለኔ ሁሉም ሀዘን ነው።

መልስ፦ እህታችን፣ ሴትዮዋ እንኳንም ደነገጠች። ዲፕረስድን እነሱም በጨዋታ መሀል እንደቀልድ ይሉታል፣ ለአለቃ ተጽፎ ሲመጣ ግን ድባቴ ነው የሚመስለው፣ እሱ ደግሞ በሽታ ነው፣ ሐኪሞች ድባቴ ለማለት ቢያንስ 2 ሳምንት ሙሉ ቀኑን አብዛኛውን መከፋት ወይም ምንም ነገር አለማስደሰት አለበት ይላሉ፣ እንቅልፉም ምግቡም ይዛባል። ያንቺ አፕሴት ነው። አፕሴት ውስጥ ንዴት አለበት፣ «እንዴት እንዲህ ይደረግብኛል» አይነት፣ ልክ የኛ ከፋኝ። ሳድ ግን ንዴት የለውም፣ ለትንሹም ለትልቁም ይሆናል (በጥንቱ እንግሊዝኛ «የጠገበ» ማለት ነበር ብልሽ ታምኛለሽ?)።

ግሪፍ ለቅሶ ቤት ያለው ነው፣ ሰው ሲሞት ውስጥን የሚበላው፣ ቃሉም «ከባድ» ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው። ውጪ የሚታየው ማለትም ጥቁር መልበሱ፣ ድንኳኑ፣ ሰልስቱ ሞርኒንግ ይባላል፣ ከጠዋቱ ሞርኒንግ ጋር ድምፁ አንድ ነው፣ ስትጽፊ ግን ዩ ፊደል ትጨምሪያለሽ፣ እንዳትረሺ። ሶሮው ያው ጥልቅ ሀዘን ነው ግን የመጽሐፍ ቃል ስለሆነ ለቢሮ አይሆንም።

እኔ የምወደው ሜላንኮሊን ነው። በ2016 የፈረሰችውን የዶሮ ማነቂያ ሰፈርን አልፌ ወደ ፒያሳ ስወጣ፣ በተለይ ክረምት ላይ ካፊያ ሲኖር፣ አንድ ነገር ሆዴ ውስጥ ይገባል፣ አያስለቅስም፣ እንዲያውም ትንሽ ይጣፍጣል፣ ትዝታ ሲዘፈን እንደሚመጣው ስሜት ማለት ነው። ትካዜ ብንለው ይቀርበዋል። እንግዲህ የጥንት ግሪኮች ይሄንን ከጥቁር ሐሞት መብዛት ይመጣል ብለው ስለሚያምኑ ነው ስሙ «ጥቁር ሐሞት» የሆነው፣ እኛም ሐሞቴ ፈሰሰ እንላለን፣ ያ ግን ሌላ ነገር ነው።

ለማንኛውም እረፍትሽ ድጋሚ ከተሰረዘ «አይ አም ኤ ቢት አፕሴት» በያት፣ «ኤ ቢት» የምትለዋን አትተዪ፣ እንግሊዞች በጣም ሲናደዱም እንደዛ ነው የሚሉት።