ተፈርዶባችሁ ሳለ ፖሊስ ለመሆን ለምታስቡ የወሎ ልጆች

ውድ ልጆቼ፣

ከፖሊስ አገልግሎት በጡረታ ከተሰናበትኩ ወዲህ፣ እዚህ ደሴ ቡና በተፈላበት ቤት ሁሉ ከምጠየቃቸው ጉዳዮች አንዱ «ጠጥቶ ሲያሽከረክር ተይዞ የተፈረደበት ልጅ ፖሊስ መሆን ይችላል ወይ?» የሚል ነው። ጠያቂዋ አብዛኛውን ጊዜ እናት ናት፤ ባለጉዳዩ ራሱ በር አካባቢ ቆሞ ያዳምጣል። መልሱ እንደየመዝገቡ ስለሚለያይ በአንድ ቃል «ይችላል» ወይም «አይችልም» ብዬ መገላገል አልወድም፤ ስለዚህ ሕጉ የሚለውንና በሥራው ላይ ያየሁትን ረዘም አድርጌ ጽፌላችኋለሁ።

በመጀመሪያ የተፈረደባችሁ ምን እንደሆነ በትክክል ልታውቁ ይገባል። ይህን የምለው ብዙዎቹ ወጣቶች «ተቀጥቻለሁ» ከማለት አልፈው በምን እንደተቀጡ ስለማያውቁ ነው። ከሰዓት በኋላ ጫት ቅሞ፣ ማታ ጨብሲ ብሎ፣ ባጃጁን አስነሥቶ ከፒያሳ ወደ ሰኞ ገበያ ሲወርድ የተያዘ ልጅ፣ በማግሥቱ የሆነውን ሁሉ አንድ ላይ ደባልቆ ያወራል። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 አንድ አሽከርካሪ በአልኮል ተጽዕኖ ሥር ነው የሚባልበትን መጠን በአንድ ሊትር ደም ውስጥ 0.8 ግራም አድርጎ ወስኖ ነበር። በትራፊክ ደንብ መሠረት ተይዞ ገንዘብ የከፈለና በመንጃ ፈቃዱ መዝገብ ላይ ጥፋቱ የተመዘገበበት ሰው፣ ሰው ገጭቶ በወንጀል ተከስሶ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ካለው ሰው ጋር አንድ አይደለም። በሌላ በኩል በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 ንዑስ አንቀጽ 3፣ ራሱን በመጠጥ አስክሮ ወይም ደንብ ጥሶ በቸልተኝነት ሰው የገደለን ሰው ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል። በእነዚህ በሁለቱ ጫፎች መካከል ብዙ ዓይነት መዝገብ አለ። ቅጣቱ በገደብ የታገደለት ልጅም «አልታሰርኩም፣ ስለዚህ ነፃ ነኝ» ብሎ እንዳይሳሳት፤ የታገደው የቅጣቱ አፈጻጸም እንጂ የጥፋተኝነት ውሳኔው አይደለምና።

በእኛ አገር በዚህ ላይ የሚጨመር አንድ ነገር አለ። ወሎ ውስጥ ሰው የተጎዳበት ጉዳይ ሲነሣ አበጋሮች (በባህል የሚያስታርቁ ሽማግሎች) እና የሃይማኖት አባቶች ይገባሉ፤ ዱዓ ይደረጋል፣ ካሳ ይከፈላል፣ የሁለቱ ወገን ሽማግሎች አብረው ይበላሉ። ይህን ሥርዓት አከብራለሁ፤ ባይኖር ኖሮ ፖሊስ ብቻውን ሊያበርዳቸው የማይችላቸው ስንት ቂሞች ነበሩ። ነገር ግን እርቁ የሁለቱን ቤተሰቦች ልብ ያረጋጋል እንጂ በፍርድ ቤት የተሰጠን ውሳኔ አይሰርዝም። «እኛ እኮ ታርቀናል» ብሎ የፍርዱን ነገር ፈጽሞ የረሳ ወጣት፣ ለምልመላ ቀርቦ አሻራው ሲመረመር መዝገቡ እንዳለ ሲያገኘው በጣም ይደነግጣል። እርቁ ግን ከንቱ አልቀረም፤ ለምን እንደሆነ ቀጥሎ ታዩታላችሁ።

የወንጀል ሕጋችን «መሰየም» የሚባል ሥርዓት አለው። ቅጣቱን የፈጸመ ሰው፣ ቅጣቱ ጽኑ እሥራት ከነበረ ቢያንስ 5 ዓመት፣ ሌላ ቅጣት ከነበረ ደግሞ ቢያንስ 2 ዓመት ካለፈው በኋላ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ በመልካም ጠባይ የኖረ መሆኑንና ለተጎጂው ሊከፍል የሚገባውን ካሳ አቅሙ በፈቀደ መጠን የከፈለ መሆኑን አስረድቶ ፍርዱ እንዲሰረዝለት ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። አቤቱታው ተቀባይነት ካገኘ ፍርዱ ከፖሊስ መዝገብ ወጥቶ ለወደፊቱ እንዳልነበረ ይቆጠራል። እንግዲህ በአበጋሮቹ ፊት የተከፈለው ካሳ፣ በጽሑፍ ከተያዘና ከተፈረመበት፣ እዚህ ላይ ይጠቅማችኋል። ይህን መብት ከሚያውቁት የማያውቁት ይበዛሉ፤ ከሚያውቁትም ብዙዎቹ ጊዜው ሲደርስ በራሱ የሚፈጸም ይመስላቸዋል። አመልካች ከሌለ ግን ማንም ተነሥቶ አይሰርዝላችሁም።

የምልመላ ማስታወቂያ ስታነቡ «ከደባል ሱስ ነፃ የሆነ» እና «በወንጀል ተከስሶ ያልተፈረደበት» የሚሉትን መስመሮች ታገኛላችሁ። አንዳንዱ ልጅ ይህን ሲያይ ተስፋ ቆርጦ ይመለሳል፤ አንዳንዱ ደግሞ የቀበሌ ሰው ለምኖ የመልካም ሥነ ምግባር ደብዳቤ ያጽፋል፣ ወይም ማንም ወደማያውቀው ወረዳ ሄዶ ይመዘገባል። በሐሰተኛ ሰነድ መገልገል ራሱን የቻለ ወንጀል መሆኑ እንዳለ ሆኖ፣ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው።

ፖሊስ በሥራ ዘመኑ ከሽጉጡ ይልቅ ደጋግሞ የሚጠቀምበት ነገር የምስክርነት ቃሉ ነው። ሌሊት አንድ ሾፌር ታስቆማላችሁ፤ ትንፋሹ መጠጥ መጠጥ ይላል፣ እግሩ ይንገዳገዳል፣ መሪውን ይዞ ያገኘው ከእናንተ በቀር ሌላ ሰው የለም። ከወራት በኋላ ፍርድ ቤት ቀርባችሁ ያያችሁትን ትናገራላችሁ፤ ዳኛውም ውሳኔውን የሚሰጠው እናንተን አምኖ ነው። የተከሳሹ ጠበቃ በመስቀለኛ ጥያቄ «ምስክሩ በማመልከቻቸው ላይ ስለ ራሳቸው ጥፋት የጻፉት እውነት ነበር ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ትመልሳላችሁ? የተሰወረው ነገር ዘንድሮ ባይታወቅ ከርሞ ይታወቃል፤ የታወቀ ዕለት የሚወድቀው የእናንተ እንጀራ ብቻ ሳይሆን ከዚያ በፊት በእናንተ ምስክርነት የተፈረደባቸው ሰዎች ጉዳይ ሁሉ ያጠራጥራል። ዐቃቤ ሕጉም ከዚያ በኋላ እናንተን ምስክር አድርጎ ለመቁጠር ይፈራል። ምስክር ሊሆን የማይችል ፖሊስ ደግሞ በር ከመጠበቅ ያለፈ ሥራ ሊሰጠው አይችልም።

ስለዚህ ፍርዱ ገና ካልተሰረዘላችሁ ጊዜው እስኪደርስ ጠብቁና አመልክቱ እንጂ ደብቃችሁ አትግቡ። ፍርዱ ከተሰረዘላችሁ በቅጹ ላይ ሕጉ በሚፈቅድላችሁ መሠረት መልሱ። ሆኖም መልማዮቹ በቃል ከጠየቋችሁ፣ የሆነውን በአጭሩ ተናግራችሁ የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ብታሳዩ እኔ የተሻለ ነው እላለሁ፤ በዚህ የማይስማሙ የሥራ ባልደረቦች እንዳሉኝ ግን አልክድም። መሰየም እንቅፋቱን ያነሣላችኋል እንጂ ቅጥሩን አያረጋግጥላችሁም፤ መልማዩ ኮሚቴ ከእናንተ የተሻለ መዝገብ ያለውን ልጅ ቢመርጥ በደል አትበሉት።

ከፍርዱ እስከ ምልመላው ያሉት ዓመታት እንዴት እንዳለፉ የሚያዩት መልማዮች ይህን ያህል ጥብቅ የሆኑት ያለ ምክንያት አይደለም። የሐረጎን መንገድ ታውቁታላችሁ። ከደሴ ተነሥቶ ኮምቦልቻ እስኪደርስ ድረስ 25 ኪሎ ሜትር ባልሞላ መንገድ ወደ 600 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከጅቡቲ በባቲ በኩል የገቡ ተሳቢዎች ሽቅብ ሲያቃስቱ፣ ሚኒባሶች በየመታጠፊያው ሊቀድሙ ሲጣደፉ፣ ክረምት ሲሆን ጉሙ ሲጨመርበት፣ እዚያ የሚቆመው ትራፊክ ፖሊስ ማታ ምን እንደጠጣ መጠራጠር የለብንም። ጨብሲውን ሳይተው የደንብ ልብሱን የሚመኝ ልጅ ካለ፣ ፍርዱ ቢሰረዝለት እንኳ ይህን ሥራ አልመክረውም፤ ወሎ ውስጥ ለእጁም ለጭንቅላቱም የሚሆን ሌላ ሥራ አለ። የተወ ልጅ ግን፣ የሰከረ ሾፌር የሚሰጠውን ሰበብ ሁሉ ከየትኛውም ምልምል ቀድሞ ያውቀዋልና፣ በሥራው ላይ የሚጠቅምበት ቀን ይኖራል።

አሁን ማድረግ የምትችሉት ይህ ነው፦ ወደ ፈረደባችሁ ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ሂዱና የውሳኔውን ግልባጭ አውጡ፤ የተጠቀሰውን አንቀጽ፣ የቅጣቱን ዓይነትና ቅጣቱ ያለቀበትን ቀን በወረቀት ላይ ጻፉ፤ ካሳ ከከፈላችሁ ደረሰኙን ወይም የእርቁን ውል ከግልባጩ ጋር አያይዙ። ያንን ይዛችሁ ጠበቃ፣ አቅም ከሌላችሁ ደግሞ ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ ባለሙያ ዘንድ ቅረቡ፤ ጊዜው ደርሶ እንደሆነ ወይም ምን ያህል እንደቀረው ከግልባጩ ላይ አይቶ ይነግራችኋል።