ፊርማሽ «አንብቤዋለሁ» ይላል

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? 8ኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ክፍሌ 60 ተማሪ አለው። ዘንድሮ ድርሰታቸውን በስልኬ ፎቶ እያነሳሁ በኤአይ ማሳረም ጀመርኩ። አንድ ልጅ «እናቴ ዐረብ አገር ከሄደች ወዲህ ቤታችን ጭር ብሏል» ብሎ ጽፎ ነበር። ኤአዩ ፊደሉን አርሞ 8 ከ10 ሰጠው። እኔም ገልብጬ ፈረምኩ። ጽሑፉን ያየሁት ደብተሩን ከመለስኩ በኋላ፣ ፎቶዎቼን ሳጠፋ ነው። ኃጢአት ሠርቻለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ 60 ደብተር ተሸክሞ ቤት መግባት ምን ማለት እንደሆነ ስለማውቅ አልፈርድብሽም። በመሣሪያው መጠቀምሽ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ፊርማሽ ግን «አንብቤዋለሁ» ይላል። አላነበብሽም። ለንስሐ አባትሽ የምትነግሪያቸው ይህንን ነው።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን አስቢ። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ መጽሐፉ በእጁ ነበር፤ ኢሳይያስን እያነበበ ነው። ፊልጶስ «የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ሲለው «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» አለ። ከዚያስ? ማብራሪያ ጽፈህ ላክልኝ አላለውም። ሠረገላው ላይ ወጥቶ አብሮት እንዲቀመጥ ለመነው። እኔ ሁሌም እዚህች «አብሮት» ላይ እቆማለሁ።

ቅኔ ቤትም እንዲሁ ነው። ጉባኤ ቃና የምትባለው አጭሯ የቅኔ ዓይነት ሁለት ቤት (ሁለት ስንኝ) ብቻ ናት። ተማሪው ገለል ብሎ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ማለትም በልቡ ያዘጋጃል፤ ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ እሳቸውም እዚያው ያቃኑለታል። የሚሰሙት ግን ስህተቱን ብቻ አይደለም። ድምፁ ከወትሮው ከደከመ፣ ልጁ ቁራሽ ሳያገኝ እንዳደረ ይገባቸዋል።

ስለዚህ የፊደል ለቀማውን ለማሽኑ ተዪለት። መልመጃም ያውጣልሽ። (ጥቅስ ሲሰጥሽ ግን መጽሐፉን ገልጠሽ አረጋግጪ፤ የሌለ ቁጥር በልበ ሙሉነት ሲናገር አይቻለሁ።) የልጆቹን ስምና የቤት ገመና አታስገቢበት። ድርሰቱ ግን ሁሉም በዓይንሽ ይለፍ። 60ውን በአንዴ ካልቻልሽ በሳምንት 15 15 አድርጊው፤ ውጤት ቢዘገይ ማንም አይሞትም።

ልጁን ግን ነገውኑ አስጠሪው። ክፍል ፊት አይደለም፣ በእረፍት ሰዓት። «ድርሰትህን ሳላነበው ነው የመለስኩልህ፤ አሁን አንብቤዋለሁ» በይው። ከዚያ እናቱ መቼ መቼ እንደምትደውል ጠይቂው።