ማክሰኞ ጠዋት የሚያመልጥሽ ባስ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ 22 ዓመቷ ነው፤ አሜሪካ ከመጣች ሦስት ዓመት ሆኗታል። ኮሚኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት ኮሌጅ) ውስጥ ለነርሲንግ መግቢያ የሚጠየቁትን ኮርሶች እየወሰደች ነው። በዚህ ሴሚስተር 13 ክሬዲት ይዛለች። በሁለት ባስ ትመላለሳለች፤ ደርሶ መልሱ 3 ሰዓት ይፈጃል፣ በሳምንት 5 ቀን። ማታ ማታ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ በሳምንት 30 ሰዓት ትሠራለች። ማክሰኞ በማለዳ ያለው የአናቶሚ (የሰውነት አካል ጥናት) ላብ፣ ማለትም የቤተ ሙከራ ክፍለ ጊዜ፣ ገና በአራተኛው ሳምንት ሁለቴ አምልጧታል። መምህሯ ሦስተኛ ከቀረሽ ውጤትሽ ይነካል ብላታለች። «ለትምህርት አልተፈጠርኩም መሰለኝ። ላቁመው? ወይስ በብድር መኪና ልግዛ?» ትላለች።

እህቴ፣ መጀመሪያ አንድ ሒሳብ አብረን እንሥራ። ለአንድ ክሬዲት በሳምንት 1 ሰዓት ክላስ፣ ከክላስ ውጭ ደግሞ 2 ሰዓት ጥናት ይታሰባል። የአንቺ 13 ክሬዲት 39 ሰዓት ይመጣል። ላብ ሲኖር ደግሞ ከዚህም ያልፋል። ሥራሽ 30፣ መንገድሽ 15። ድምሩ 84 ሰዓት ሆነ። ገና ምግብ አልበላሽም፣ ልብስ አላጠብሽም፣ አልተኛሽም። ይህን ተሸክመሽ አራት ሳምንት የቆየሽ ልጅ «አልተፈጠርኩም» ስትይ ስሰማ አዝናለሁ። ችግሩ ፕሮግራምሽ ላይ ነው ያለው። ፕሮግራም ደግሞ ይስተካከላል።

አሁን ማክሰኞን እናድን፤ ሌላው ይደርሳል። የመጀመሪያው ባስ 5 ደቂቃ ሲዘገይ ሁለተኛው ዓይንሽ እያየ እንደሚሄድ ነግረሽኛል። ቀጣዩ የሚመጣው ከ30 ደቂቃ በኋላ ነው። በዚያ 30 ደቂቃ መምህሯ አሠራሩን አሳይታ ጨርሳለች፣ ተማሪው በቡድን ተከፋፍሏል፣ ጓንቱን አጥልቆ ጀምሯል። በሩን ስትከፍቺ ሁሉም ቀና ብሎ ያይሻል። ሁለተኛውን ቀን ከበሩ የተመለስሽው ለዚህ እንደሆነ ጽፈሻል። ይገባኛል። ግን ከዚህ በኋላ ብትዘገዪም ግቢ። ግማሽ ላብ ከምንም ይሻላል፤ መምህሯም ፊትሽን አየች ማለት ነው።

መፍትሔው አንድ ባስ ቀድሞ መያዝ ነው። ሰኞ እኩለ ሌሊት ከሥራ ለምትወጣ ልጅ ይህን ማለት ግን ግፍ ይሆናል። ስለዚህ ሰኞን ከሥራሽ አውጪው። አለቃሽን «ሰዓት ቀንሱልኝ» አትበይ። «ሰኞን በቅዳሜ ልቀይር» በይ። ቅዳሜ የሚሠራ ሰው ሁሌም ይፈለጋል።

ከዚያ ዛሬውኑ ለመምህሯ ጻፊ። አታስረዝሚው። «ሁለት ላብ ያመለጠኝ ባስ ስለማይገጥምልኝ ነው። የሰኞ ማታ ሥራዬን ለመቀየር እየጠየቅኩ ነው። ያመለጠኝን የማካካስበት ወይም ወደ ሌላ የላብ ሰዓት የምዛወርበት መንገድ ካለ ይንገሩኝ።» በቃ። እኛ ሐበሾች ማስቸገር እንፈራለን፤ ችግራችንን ውጠን ሴሚስተሩ ካለቀ በኋላ እንናገራለን። ያኔ መምህሯ ብትፈልግ እንኳ ልትረዳሽ አትችልም።

«ላቁመው» ላልሽው፣ እባክሽ ከፋይናንሻል ኤድ (የትምህርት ገንዘብ ድጋፍ) ቢሮ ሳትነጋገሪ አንድም ክላስ አትጣይ። ሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይሞላ ሁሉንም ትተሽ ከወጣሽ መንግሥት ለትምህርት ከሚሰጥሽ ድጋፍ፣ ከፔል ግራንትሽ፣ የተወሰነው ተመላሽ ይሆናል፤ ኮሌጁም ቀሪውን ክፈዪ ሊልሽ ይችላል። አንድ ክላስ ብቻ መጣል ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱም ግን ዋጋ አለው። ሙሉው ፔል የሚሰጠው 12 ክሬዲትና ከዚያ በላይ ስትይዢ ነው። በ9 ክሬዲት 75 በመቶው ይደርስሻል። የጣልሽው ክላስ ትራንስክሪፕትሽ (የውጤት መዝገብሽ) ላይ ደብልዩ፣ ማለትም «አቋርጣለች» የሚል ምልክት፣ ሆኖ ከቀረ ደግሞ ወስደሽ እንዳልጨረስሽው ይቆጠራል። የገንዘብ ድጋፉ እንዲቀጥል አብዛኛው ኮሌጅ ከወሰድሽው ክሬዲት 67 በመቶውን እንድትጨርሺ ይፈልጋል። ስለዚህ ሄደሽ «ይህን ክላስ ዛሬ ብጥል ምን ይቀነስብኛል?» ብለሽ ጠይቂ። ሰምተሽ ወስኚ። የግድ ከክላሶችሽ አንዱ ይውጣ ከተባለ የያዝሽው ሳይኮሎጂ ይውጣ እንጂ አናቶሚው አይሁን።

መኪናውን አሁን አልመክርሽም። የወር ብድሩን፣ ኢንሹራንሱን፣ ቤንዚኑንና ፓርኪንጉን ደምሪና በሰዓት በሚከፈልሽ አካፍይው። የሚወጣው ቁጥር ለመኪናው ስትይ በወር የምትሠሪው ሰዓት ነው። መኪናው ከመንገድ ከሚያተርፍልሽ ሰዓት ከበለጠ፣ ለመኪናው እየሠራሽ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ነገር ሞክሪ። ከላብ ቡድንሽ ውስጥ በአንቺ አቅጣጫ የሚነዳ ሰው አይጠፋም። የቤንዚን እየተጋራሽ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ቢወስድሽ ትልቅ ነገር ነው። ኮሚኒቲ ኮሌጅ ሁሉም ክላሱን ጨርሶ የሚበተንበት ቦታ ነው፤ ካልጠየቅሽ ማን የት እንደሚኖር አታውቂም።

የሚቀጥለው ሴሚስተር ምዝገባ ሲከፈት የባሱን ሰዓት ከክላሱ ዝርዝር ጎን አስቀምጪ። ክላሶችሽን ሦስት ቀን ላይ ሰብስቢያቸው። መንገድሽ ከ15 ወደ 9 ሰዓት ይወርዳል። ብዙ የሚነበብበትን ኮርስ ኦንላይን ውሰጂ። ሒሳብ ከከበደሽ ግን ኦንላይን አትውሰጂው፤ አጠገብሽ የሚያስረዳሽ ሰው ያስፈልግሻል። በክላሶች መካከል 2 ሰዓት ክፍት ቢሆንብሽ አትጥይው። ላይብረሪ ሄደሽ መጽሐፉ ለውስጥ ንባብ ተቀምጦ እንደሆነ ጠይቂ። የቱቶር ክፍሉም ብዙውን ጊዜ በነፃ ነው። ፋይናንሻል ኤድ ስትሄጂ ወርክ ስተዲ ስለሚባለው የካምፓስ ሥራም አንሺላቸው። እዚያው ከሠራሽ አንዱ መንገድ ይቀርልሻል።

ባስ ላይ አጥኚ የሚሉሽን ሁሉ አትስሚ። የመጀመሪያው ባስ ላይ ቆመሽ ነው የምትሄጂው፤ እሱን ተይው። ሁለተኛው ላይ መቀመጫ ታገኛለሽ። የአጥንቶቹን ስም በካርድ ጽፈሽ ጠዋት ጠዋት እዚያ ገልብጪ። ማታ ከሥራ ስትመለሺ ግን ዓይንሽን ጨፍኚ።

አለቃሽ ሰኞን እምቢ ካለሽ መልሰሽ ጻፊልኝ፤ ሌላ መንገድ እንፈልጋለን።