በየመብራቱ የሚጠፋው ሞተር

ጥያቄ፦ አዲስ መኪና ከገዛሁ አራተኛ ወሬ ነው። የትራፊክ መብራት ላይ በቆምኩ ቁጥር ሞተሩ ራሱን ያጠፋል፤ እግሬን ከፍሬኑ ሳነሣ ይነሣል። ሠላሳ ዓመት ስነዳ “ሞተር የሚያልቀው ሲነሣ ነው” ሲባል ነው የሰማሁት። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ከፊት የሚመጣውን መስመር አቋርጬ ለመታጠፍ ቆሜ ሳለ፣ ክፍተት አገኘሁ ብዬ ነዳጅ ስሰጥ ሞተሩ ጠፍቶ ኖሯል። እስኪነሣ ድረስ የሚመጣው መኪና አጠገቤ ደረሰ። የዚህን “ስታርት-ስቶፕ” የሚሉትን ሥርዓት ማጥፊያ ብጫነውም በማግስቱ ተመልሶ በርቶ አገኘዋለሁ። ወንድሜ “ሽቦውን አስነቅለው” ይለኛል። ላስነቅለው?

መልስ፦ ከደብዳቤዎ ሁሉ ያሳሰበኝ ያ መታጠፊያ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። የጠፋ ሞተር ለመነሣት የሚፈጅበት ጊዜ ከግማሽ ሰከንድ ብዙም አይርቅም። ቀይ መብራት ላይ ለቆመ ሰው ይህ ምንም አይደለም። ክፍተት አይቶ ለሚሻገር ሰው ግን ለሠላሳ ዓመት የለመደውን ልክ ያዛባበታል። እንዲህ ያለ ቦታ ከመድረስዎ በፊት ማጥፊያውን ይጫኑ። አውቶማቲክ ከሆነ በብዙዎቹ መኪኖች ሌላ ዘዴም አለ፤ ፍሬኑን መኪናው እንዳይንሸራተት ያህል ብቻ ለስለስ አድርገው ቢይዙት ሞተሩ አይጠፋም፤ የሚጠፋው ጠበቅ ሲያደርጉት ነው። እኔ እግሬን ለማስለመድ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል። መኪናዎ በእጅ ማርሽ የሚነዳ ከሆነ ደግሞ ፍሪሲዮኑን እንደረገጡ ይቆዩ።

ሥርዓቱ በየማግስቱ ራሱን መልሶ ማብራቱ ብልሽት አይደለም፤ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። የአንድ መኪና የነዳጅ ፍጆታና የጭስ መጠን ሲለካ መኪናው ቁልፉ ሲዞር በሚገኝበት ሁኔታ ላይ ሆኖ ነው። አውሮፓ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ያገለገለው የላቦራቶሪ ፈተና 1180 ሰከንድ የሚፈጅ ሲሆን፣ መኪናው ከዚያ ውስጥ ሩብ ያህሉን ቆሞ ያሳልፍ ነበር። በዚያ ፈተና ቆሞ የሚጠፋ ሞተር ቁጥሩ እንደሚያምር ግልጽ ነው። እዚህ ላይ ቅሬታዎን ሙሉ በሙሉ እጋራለሁ። ገንዘቡን የከፈለው ሰው አንዴ ካጠፋው እንደጠፋ ሊቆይለት ይገባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ኃላፊ ሊ ዘልዲን ሳይቀሩ ይህን ሥርዓት ሁሉም ሰው ይጠላዋል ሲሉ በይፋ ጽፈዋል። እኔ ግን እዚያ ድረስ አልሄድም። መካከለኛ የቤንዚን ሞተር በሚኒሞ፣ ማለትም መኪናው ቆሞ ሞተሩ ብቻ እየሠራ፣ በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ያቃጥላል፤ በየመጨናነቁ ለሚውል ሰው ይህ ከንቱ ነዳጅ ነው። ረጅም መንገድ ለሚነዳ ደግሞ ጥቅሙ እዚህ ግባ አይባልም።

“ሞተር የሚያልቀው ሲነሣ ነው” የሚለው እውነት ነው፤ የሚሠራው ግን ለቀዝቃዛ ሞተር ነው። ቆሞ ያደረ ሞተር ዘይቱ ወደ ታች ወርዶ ስለሚጠራቀም የመጀመሪያዎቹን ዙሮች በደረቁ ይዞራል። ለአርባ ሰከንድ የጠፋ ሙቅ ሞተር ግን ዘይቱ ገና ብረቱ ላይ ነው። ሥርዓቱም ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ አያጠፋውም። ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ ከድሮው እጅግ የጠነከረ ነው፤ በብዙ ሞተሮች ላይ የሚዞረውን ዘንግ የሚሸከሙት ብሮንዚናዎችም ልዩ ሽፋን አላቸው። ሐሳቡም ትናንት የመጣ አይደለም፤ ቶዮታ በክራውን መኪናው ላይ የሞከረው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው።

እኔ ጋራዥ ውስጥ ደጋግሜ የማየው ጥፋት ባትሪው ላይ ነው። በቅርቡ አንዲት ደንበኛ “ሞተሩ መጥፋት አቁሟል፤ ደስ ብሎኛል፤ ግን ጠዋት ጠዋት አልነሣ ይላል” ብላ መጣች። የሞተሩን ክዳን ስከፍት ባትሪው በተራ ባትሪ ተቀይሯል፤ ከተቀየረ ገና ስምንት ወሩ ነው፤ ጎኑ አብጧል። ከኔጌቲቩ ራስ ላይ አውራ ጣት የምታክል ጥቁር ሴንሰር አለች፤ ወደ ባትሪው የሚገባውንና የሚወጣውን ኃይል የምትቆጥረው እሷ ናት። የቀየረው ሰው ሶኬቷን ነቅሎ አንጠልጥሏት ሄዷል። ኮምፒውተሩ የባትሪውን ሁኔታ ማወቅ ስላልቻለ ማጥፋቱን ትቶ ነበር። ለእንደዚህ ያለ መኪና የሚገጠመው ኤ.ጂ.ኤም. ወይም ኢ.ኤፍ.ቢ. የሚባለው ባትሪ ነው፤ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ነገር ግን መነሣት መጥፋቱን የሚችለው እሱ ነው። በብዙ መኪኖች ላይ አዲስ ባትሪ ሲገባ ለኮምፒውተሩ በመሣሪያ መንገር ያስፈልጋል።

ስለዚህ ወንድምዎ ያሰበው ያችን ሶኬት ከሆነ፣ እባክዎ አይንኩት። የባትሪው አሞላል ይዛባል፤ አዲስ መኪና ስለሆነም የዋስትና ጣጣ ሊያመጣብዎ ይችላል። ማጥፊያውን በየጠዋቱ መጫን ቢሰለችም ከዚያ ይሻላል።

አንድ ነገር ጨምሬ ላስጠንቅቅዎ፤ ሞተሩ ጸጥ ስላለ ብቻ ጠፍቷል ብለው ከመኪናው አይውረዱ፣ ክዳኑንም አይክፈቱ። በቁልፉ ወይም በማስነሻው ካላጠፉት በማንኛውም ጊዜ ሊነሣ ይችላል፤ የሞተሩ ቀበቶ አጠገብ ያለ እጅ ደግሞ ግማሽ ሰከንድ አይበቃውም።

የመኪናዎን ዓይነትና ባትሪው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ቢልኩልኝ፣ ስለ እርስዎ መኪና ለይቼ በሚቀጥለው እትም እመልስልዎታለሁ።